እማዬን ማን ጠየቃት?

ዛሬ የምናወራው ስለ ኑሮ ውድነትም ስለ ኳስም አይደለም፤ ስለ እናቶቻችን ነው። ስለ ሁሉም እናት ሳይሆን ባል ስለሞተባቸው እናቶች። እንዲያውም እቅጩን እንናገር ካልን ስለ ራሳችን ጥፋት ነው።

“እኛ” እያልን የምንጽፈው ሦስት ስለሆንን ነው፤ ትልቁ ወንድማችን፣ ይህችን ጽሑፍ የምትሞነጫጭረው መካከለኛዋ እና የቤቱ ማሳረጊያ ትንሿ እህታችን። “የእናት ሆድ ዥንጉርጉር” እንደሚባለው በፀባይ አንገናኝም። በአንድ ነገር ብቻ ግን ሳንመካከር ተስማምተን እናውቃለን። ያ ስምምነታችን ነው እስከ ዛሬ የሚቆረቁረን።

ነገሩ እንዲህ ነው። አባታችን ሲሞት እማዬ የሠላሳ ስምንት ዓመት ሴት ነበረች። ዛሬ እኛው ራሳችን ወደ ሠላሳ እየተጠጋን ስናስበው ሠላሳ ስምንት ምንም አይደለም። ያኔ ግን እናት ዕድሜ ያላት አይመስለንም ነበር። እናት እናት ናት፤ አለቀ።

ከአባታችን ጋር አንድ መሥሪያ ቤት የሠሩ፣ የዕድራችንም አባል የሆኑ፣ እሳቸውም ሚስታቸው የሞተችባቸው አንድ ሰው ነበሩ። ጋሼ እንላቸዋለን፤ ሰፈሩ ጠባብ ነውና ስማቸው ይቅር። አባታችን በሞተ በሦስተኛው ዓመት ወደ አጎታችን ሽማግሌ ላኩ። በደንቡ፣ በክብር፣ ምንም የሚደበቅ ነገር ሳይኖረው።

እኛ ምን አደረግን? ምንም። እውነት ነው፣ “አይሆንም” ያለ ሰው አልነበረም። ትልቁ ወንድማችን ለአንድ ሳምንት ቤት እራት አልበላም። መካከለኛዋ ከደብተሯ ቀና ማለት ተወች፤ ለሚጠይቋት ሁሉ መልሷ “እንጃ” ብቻ ሆነ። ትንሿ ደግሞ ሳሎን ቡፌው ላይ የነበረውን የአባታችንን ፎቶ አንስታ ወስዳ የእማዬ አልጋ ራስጌ አቆመችው። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበረች። በሳምንቱ እማዬ አጎታችንን ጠርታ “ተወው፣ ልጆቼ ይበቁኛል” አለችው። ሽማግሌዎቹም ተመለሱ።

ከዚያማ ሰፈሩ ሁሉ አመሰገናት። “ልጆቼን ብላ የቀረች!” “ወንድ ሳያምራት ያሳደገች!” እኛም ደረታችንን ነፋን። ያቺ ምስጋና እስር ቤት መሆኗን ለመረዳት ብዙ ዓመት ፈጀብን።

ዛሬ ወንድማችን ውጭ አገር ነው፤ እሁድ እሁድ ይደውላል። ትንሿ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ገብታለች። ይህችን የምትጽፈዋ ደግሞ ጋዜጠኝነት ተመርቃ፣ ከሥራ ወጥታ፣ መገናኛ ትራንስፖርት ተጋፍታ ቤት የምትደርሰው ማታ ሦስት ሰዓት ነው። “ልጆቼ ይበቁኛል” ያለችው ሴት ልጆቿን የምታገኘው በስልክና በእራት ሰዓት ነው ማለት ነው። ቀሪውን ሰዓት ቴሌቪዥኑ ይዞላታል።

ታዲያ ባለፈው ሰሞን ትንሿ ለእረፍት መጥታ ሁለታችን መገናኛ ላይ ስንተላለፍ ጋሼን አየናቸው። ከባቡር ጣቢያው አጠገብ፣ ያ የሚታወቀው የሰው ጎርፍ መሀል፣ የአስቤዛ ዘንቢል ይዘው ይሄዳሉ። አጠገባቸው ሚስታቸው አሉ። ያኔ ከእኛ ቤት መልስ ካገኙ ከአንድ ዓመት በኋላ ሌላ አግብተው ነበር። ቆመው ሳሙን፤ “እናታችሁ ደህና ናቸው?” አሉን። “ደህና ናት ጋሼ” አልን። ዘንቢሉን አንዱን ጆሮ እሳቸው፣ ሌላውን ሚስታቸው ይዘውት ሄዱ። ቤት እስክንደርስ ሁለታችንም አልተናገርንም።

በዚያው ሳምንት ደግሞ ሌላ ጉድ መጣ። ትንሿ ዶርም ውስጥ ከጓደኞቿ ጋር የፓኪስታን ድራማ ማየት ለምዳለች። ዩቲዩብ ላይ ከፍታ አንዱን ጀመረችልን። “ዶባራ” ይባላል፤ በኡርዱ “ዳግመኛ” እንደማለት ነው። ሃም ቲቪ የተባለው የፓኪስታን ጣቢያ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ከ2021 እስከ 2022 ያስተላለፈው ነው። ዋናዋን ገጸ ባሕርይ መህሩን የምትጫወተው ሐዲቃ ኪያኒ በአገሯ ይበልጥ የምትታወቀው በዘፋኝነቷ ነው። መህሩ በልጅነቷ እጅግ ለሚበልጣት ሰው ተድራ፣ ልጆች ወልዳ፣ ሕይወቷን በሰው ትእዛዝ የኖረች ሴት ናት። ባሏ ሲሞት ግን ትንሽ መተንፈስ ያምራታል። ጭራሽ በዕድሜ ከሚያንሳት ወንድ ጋር ዳግም ልታገባ ትነሳለች። ልጆቿ ይቆጣሉ፤ ዘመድ ያማል፤ ሰው ምን ይላል ይባላል።

እማዬ እንግሊዝኛው የግርጌ ጽሑፍ ስለሚፈጥንባት “ምን አለች?” ትለናለች፤ እኛ እንተረጉማለን። እስከ ግማሽ ድረስ ሰላም ነበር። ልጆቹ በእናታቸው ላይ መነሳት ሲጀምሩ ግን አስተርጓሚዎቹ አንደበታችን ተያዘ። “ምን አሉ?” ትላለች እማዬ። “ያው… ተቆጥተዋል” እንላለን። “በምን?” “ያው… እንድታገባ አልፈለጉም።” ዝም ብላ አየች፣ አየችና “አይፈረድባቸውም፣ ልጆች ናቸው” አለች። ከዚያ ተነስታ ሻይ ልታፈላ ሄደች።

ይህቺ “አይፈረድባቸውም” ለማን እንደተባለች የሚነግረን ሰው አልፈለግንም።

መቼም የእኛ ትውልድ በድራማ ማልቀስ ብርቁ አይደለም። በ2008 ዓ.ም ካና ቴሌቪዥን የውጭ ድራማዎችን በአማርኛ እያስተረጎመ ሲመጣ ከተማው እንዴት እንደሆነ ታስታውሳላችሁ። ስለ “ኩዚ ጉኒ” እና “ጥቁር ፍቅር” ያልተከራከረ ቤት ነበር እንዴ? ለማናውቃት የቱርክ ሴት ፍትሕ ጠይቀናል፤ ፍቅሯን የሚከለክሏትን ዘመዶቿን ተሳድበናል። በቴሌቪዥን ሁሌም የምንቆመው ከተበደለችው ሴት ጎን ነው። እናታችን ከጎናችን ተቀምጣ አብራ ታያለች። ዞር ብለን ግን አላየናትም። በድራማ ቋንቋ ከተናገርን፣ በእሷ ታሪክ ውስጥ ክፉዎቹ ገጸ ባሕርያት እኛ ነበርን።

እሺ፣ ለመሆኑ ይህን ነገር የከለከለው ማን ነው? ጋዜጠኝነት ተምረናልና ይህን እንኳ እናጣራ ብለን ተነሳን።

ከሃይማኖት ጀመርን። በክርስትናው ሐዋርያው ጳውሎስ ባሏ የሞተባት ሴት ልታገባ ነፃ መሆኗን ጽፏል፤ ወጣቶቹ መበለቶችማ ቢያገቡ ይሻላል እስከማለት ደርሷል። በኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ሚስቱ ብትሞት ዳግም የማያገባው ካህኑ ነው። ለምእመናን ሥርዓቱ ከመጀመሪያው ጋብቻ ይለያል እንጂ በሩ ዝግ አይደለም። በእስልምናው ደግሞ ባሏ የሞተባት ሴት አራት ወር ከአሥር ቀን ኢዳዋን ትጠብቃለች፤ ከዚያ በኋላ ብታገባ ነውር የለበትም። የነቢዩ ሙሐመድ የመጀመሪያ ባለቤት እሜቴ ኸዲጃ ራሳቸው ቀደም ሲል ባል የሞተባቸው ሴት ነበሩ። እንግዲህ ሃይማኖቱ አልከለከለም።

ወደ ሕጉ ሄድን። አዲስ አበባ ላይ የሚሠራው በ1992 ዓ.ም የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213 ነው። አንቀጽ 16 ላይ አንዲት ሴት የቀድሞ ጋብቻዋ ከፈረሰ በኋላ 180 ቀን ሳያልፍ ልታገባ አትችልም ይላል። ምክንያቱ የሚወለድ ልጅ ቢኖር አባቱ እንዳያከራክር ነው። ስለዚህም ከወለደች ወይም እርጉዝ አለመሆኗ በሕክምና ከተረጋገጠ ቀኑን መጠበቅ አይኖርባትም፤ ፍርድ ቤትም ሊያነሳላት ይችላል። ይህ ገደብ አዲስ አይደለም፤ በ1952 ዓ.ም በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግም ነበረ። እንግዲህ ሕጉ የጠየቃት ቢበዛ ስድስት ወር ነው። ዕድሜ ልክ የፈረድንባት እኛ ነን።

በእርግጥ ሕጉ ሁሉ ቅን ነው አንልም። አባታችን የመንግሥት ሠራተኛ ስለነበር እማዬ የሚስት የጡረታ አበል ታገኛለች። ጋሼ ሽማግሌ በላኩበት ጊዜ የሚሠራበት የ2003 ዓ.ም የጡረታ አዋጅ ቁጥር 714 ዕድሜዋ ሳይገፋ ዳግም ያገባች ሴት አበሉ እንዲቋረጥባት ያዝዝ ነበር። ለወንድም ገደብ ነበረው፤ ግን በእኛ አገር የባልን አበል ተደግፎ ልጅ የሚያሳድገው በብዛት ማን እንደሆነ ታውቁታላችሁ። ይህ በእኛ ብቻ የሆነ አይደለም። እንግሊዞች ሕንድን ሲገዙ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1856 የሂንዱ መበለቶች ዳግም እንዲያገቡ የፈቀደ ሕግ አወጡ፤ ያው ሕግ ግን ያገባችው መበለት ከሟች ባሏ ንብረት ያላትን መብት እንድታጣ አደረገ። “ግቢ፣ ግን ጫማሽን ውጭ አውልቂ” ዓይነት ፈቃድ ነው። እማዬም ያኔ አዎ ብትል ኖሮ በየወሩ የምትቀበላትን ገንዘብ ማሰብ ነበረባት። ይህንንም አብረን አላሰብንላትም።

ታሪክስ? ታሪካችን ውስጥ ይህን ጉዳይ ከእቴጌ ምንትዋብ በላይ የሚያሳይ የለም። አጼ በካፋ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1730 ሲሞቱ ልጃቸው ዳግማዊ ኢያሱ ገና ሰባት ዓመት ገደማ ነበር። እናት ዘውድ ጭነው ከልጃቸው ጋር መንግሥቱን ያዙ። ጎንደር ላይ ቁስቋምን ያሠሩት እኚሁ እቴጌ ናቸው። ታዲያ እቴጌ ምንትዋብ በዕድሜ ከሚያንሳቸውና የሟች ባላቸው የወንድም ወይም የእህት ልጅ ከሆነው ከግራዝማች ኢያሱ ጋር ኖሩ፤ ሦስት ሴቶች ልጆችም ወለዱ። አንዷ በኋላ የራስ ሚካኤል ስሑል ሚስት የሆኑት ወይዘሮ አስቴር ናቸው። መኳንንቱም አገሩም አማ። ሰውየውን “ምልምል ኢያሱ” እያሉ አሾፉበት። በመጨረሻ ጣና አካባቢ ከገደል ወድቆ ሞተ፤ ያስገደለው የእቴጌይቱ ልጅ ንጉሡ ነው ይባላል።

አስቡት! አገር ለማስተዳደር የማያንሱ ሴት፣ ቤተ መንግሥትና ቤተ ክርስቲያን ያሠሩ ሴት፣ ለሁለተኛ ጊዜ የሰው ሚስት መሆናቸው ግን ለልጃቸው አልዋጥ አለ። እኛ ጣና ድረስ አልሄድንም። ፎቶ ራስጌ ላይ ማቆም በቃን።

እንግዲህ ሃይማኖት ካልከለከለ፣ ሕግ ካልከለከለ፣ የቀረው ከልካይ ልጅ ነው። ልጅ ደግሞ የራሱ ምክንያት አለው። ፍርሃታችንን ንቀን እንለፈው አንልም፤ ሁለቱ እውነተኛ ናቸው።

የመጀመሪያው ቤት ነው። አዲስ አበባ ላይ ቤት ማለት ምን ማለት እንደሆነ ለእናንተ አይነገርም። “አባታችን የለፋበትን ቤት ሌላ ሰው ይገባበታል” የምትል ሐሳብ፣ ጮክ ብለን ባንናገራትም፣ በእያንዳንዳችን ሆድ ውስጥ ነበረች። ቆይተን ስንጠይቅ ግን ነገሩ የፈራነውን ያህል ጨለማ አልነበረም። ባልና ሚስት አብረው ያፈሩት ንብረት ግማሹ የእሷ ነው። የሟቹ ግማሽ ኑዛዜ ከሌለ በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 842 መሠረት በቅድሚያ ለልጆቹ ነው የሚደርሰው። አዲሱ ባል ደግሞ እሷ ከጋብቻው በፊት የያዘችውን ንብረት ስላገባት ብቻ አይወስድም፤ የቤተሰብ ሕጉ አንቀጽ 57 ከጋብቻ በፊት የነበረ ንብረት የግል ሆኖ ይቀጥላል ይላል። ጥንቃቄው እዚህ ላይ ነው፤ አንቀጽ 63 የግል መሆኑ ካልተረጋገጠ ንብረቱን የጋራ አድርጎ ይገምታል። ስለዚህ አስቀድሞ የወራሽነት ማስረጃ ማውጣት፣ ድርሻን መለየት፣ የጋብቻ ውል መጻፍ ነው። ለአንድ ወረቀት ጉዳይ ነው እንግዲህ የአንዲት ሴት አሥር ዓመት የሄደው።

ሁለተኛው ፍርሃት የእንጀራ አባት ነው። በዚህ አንቀልድም። ቤት የገባ ሰው ልጅን የበደለበት ታሪክ በየሰፈሩ አለ። ሴት ልጅ ያላት እናት ይህን ብትፈራ፣ ልጆቿም ቢፈሩ ልክ ናቸው። መልሱ ግን ሰውየውን ማጥናት ነው፤ መጠየቅ ነው፤ ጊዜ መስጠት ነው፤ ልጆች የሚናገሩትን መስማት ነው። እኛ ይህን አላደረግንም። ጋሼን አንድ ቀን ቁጭ ብለን አላናገርናቸውም። የፈራነው እሳቸውን ቢሆን ኖሮ እሳቸውን እናጠና ነበር። የፈራነው እናታችን ከእኛ ሌላ ሰው መውደድ መቻሏን ነው።

ደግሞ ነገሩን ገልብጣችሁ እዩት። የሞተችው እማዬ ብትሆንና የቀረው አባታችን ቢሆን ኖሮስ? ገና ሙት ዓመቷ ሳይወጣ አክስቶቻችን “ቤቱ ሴት ይፈልጋል”፣ “ልጆቹን ማን ያብላቸው” እያሉ ሙሽራ ያፈላልጉ ነበር። ጋሼስ ያገቡት እንዲያው ነው፤ ሰፈሩም መርቆ ሸኛቸው። ለወንዱ ጋብቻ መድኃኒት ነው፤ ለሴቷ ሲሆን ቅሌት ይሆናል። ቋንቋችን ራሱ ሸረኛ ነው። ባል ለሌላት ሴት “ፈት” እና “ጋለሞታ” የሚሉ እንደ ድንጋይ የሚወረወሩ ቃላት አሉን። ወንዱን ለመወርወር የሚያገለግል ቃል ስንፈልግ አጣን። “ወንደላጤ” እንኳ ብታዩት ያስቀናል እንጂ አያሳፍርም።

አንዳንዶቻችሁ “እናንተ ደግሞ፣ ሁሉም መበለት ባል ይፈልጋል እንዴ?” እንደምትሉ እናውቃለን። አይፈልግም። ከአንድ ጋብቻ በኋላ “በቃኝ፣ አሁን ዕረፍቴ ነው” የምትል ስንት ሴት አለች። ብቻዋን በሰላም መኖር የመረጠችን እናት ግድ ካላገባሽ ብሎ መጨቅጨቅም ያው በደል ነው። ሐዘኗን ዕድሜ ልኳን ይዛ መኖር የምትሻም አለች፤ መብቷ ነው። እኛ የምንለው እሺታዋም እምቢታዋም የራሷ ይሁን ነው። የእማዬ “ልጆቼ ይበቁኛል” የእሷ ቃል ነበር ወይስ የእኛ ዝምታ በእሷ አፍ የተናገረው? አሥር ዓመት ሙሉ ይህን አናውቅም ነበር።

አላወቅንም፤ ምክንያቱም አልጠየቅንም። ዩኒቨርሲቲ አራት ዓመት ሙሉ “ጋዜጠኛ ማለት የሚጠይቅ ነው” ሲባል ሰምተናል። ሚኒስትር ቢመጣ ምን ብለን እንደምንጠይቀው ተምረናል። የገዛ እናታችንን አንድ ጥያቄ ለመጠየቅ ግን ድፍረቱ አልነበረንም።

ባለፈው እሁድ ጠየቅናት። ቡና ተፈልቷል፤ ወንድማችን ከውጭ ደውሎ ስልኩ ድምፁ ተከፍቶ ረከቦቱ አጠገብ ተቀምጧል። ማን ይጀምር ብለን ተያየን። በመጨረሻ ከስልኩ ውስጥ ወንድማችን ነው የጀመረው፤ “እማዬ፣ ያኔ ጋሼ ሽማግሌ የላኩ ጊዜ… አንቺ ምን ፈልገሽ ነበር?” አላት።

መጀመሪያ ሳቀች። “አሁን ምን አስታወሳችሁ?” አለች። ከዚያ ሲኒዎቹን ማለቅለቅ ጀመረች፤ የታጠቡትንም ደግማ አጠበቻቸው። ቆይታ ቆይታ እንዲህ አለች፤

“እንጃ እናንተ ልጆች። እሺም ላልል እችል ነበር። ግን ማንም አልጠየቀኝም እኮ። ሽማግሌዎቹ አጎታችሁን ጠየቁ፣ አጎታችሁ የእናንተን ፊት አየ። እኔን ማን ጠየቀኝ?”

ትንሿ አለቀሰች። ወንድማችን ስልኩ ውስጥ ዝም አለ። እማዬ ደግሞ “በሉ ቡናው ይቀዘቅዛል” አለችና ሁለተኛውን ቀዳች።

ይቅርታ ጠየቅናት። ይቅርታ ያለፈውን አሥር ዓመት እንደማይመልስ እናውቃለን። ጋሼም ትዳራቸው የሰመረ ይሁን፤ ያንን የሚመለከት ምኞት የለንም። ማታ ግን ፎቶውን ከራስጌዋ አንስተን ወደ ቡፌው መለስነው። አባታችንን ከቤት አላስወጣነውም፤ ቦታው ሳሎን ነው፤ እንግዳ ሁሉ የሚያየው ቦታ። የእማዬ ክፍል ግን የእማዬ ነው።

እናንተስ? ከምታነቡን መካከል አባቱ የሞተበት፣ እናቱ ብቻዋን የቀረች ብዙ ሰው እንዳለ እናውቃለን። ይህች አገር ባሎችን በጦርነትም በበሽታም በመንገድ አደጋም በብዛት ወስዳለች። እናትህ ወይም እናትሽ ምናልባት ምንም አትፈልግ ይሆናል። ምናልባት ደግሞ የእናንተን ፊት እያየች የዋጠችው ነገር ይኖራል። በዚህ ሳምንት አንድ ቀን ቴሌቪዥኑን ቀንሱና ጠይቋት። መልሷን አታዘጋጁላት፤ ፊታችሁንም አታጥቁሩ። የምትለውን ስሙ።

እስከሚቀጥለው ቸር እንሰንብት።